ጎሊናን ከተሻገርን በኋላ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል

ጠያቂ፣ ከቆቦ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የመሥሪያ ቤታችን ላንድክሩዘር ባለፈው ሳምንት ደራሽ ጎርፍ የወረደበትን የጎሊናን ወንዝ ሲሻገር ውሃው ከጎማው እምብርት በላይ ስለ ነበር፣ ሾፌሩ መሐል ላይ ማርሽ ቀይሮ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይጎትትም፤ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ሲረገጥም ያፏጫል። ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ይህ ፍሪሲዮን ከተቀየረ ገና ዓመት አልሞላውም። ውሃ ይህን ያህል ይጎዳዋልን? ወይስ የተገጠመው ዕቃ ጥራት የለውም?

መካኒክ፣ ከደሴ፦
ጤና ይስጥልኝ። ዕቃውን ከመውቀስዎ በፊት ማርሹ የት እንደ ተቀየረ ያስቡ። ፍሪሲዮኑን የያዘው፣ በሞተሩና በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) መካከል ያለው ሽፋን ውሃ እንዳያስገባ የተደፈነ አይደለም፤ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀው ሹካ የሚገባበት ቀዳዳ በጎማ ቢሸፈንም ጎማው ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ይሁን እንጂ ፔዳሉ እስካልተረገጠ ድረስ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ተጨምቆ ስለሚቆይ ውሃው ዲስኩ ወደ ለበሰው ሸራ ብዙም አይዘልቅም። መሐል ወንዝ ላይ ሲረገጥ ግን ክፍተት ይፈጠራል። ንጹሕ ውሃ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ሲነዳ በደረቀ ነበር፤ ደራሽ ግን ከተራራው የጠረገውን ደለልና ደቃቅ አሸዋ ይዞ ስለሚገባ፣ ሸራውንም ብረቱንም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል።

ፉጨቱ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ፣ ማለትም ሲዞር ፍትጊያ የሚቀንሰው ባለ ኳስ ቀለበት፣ ግሪሱ ታጥቦበታል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ቢሆን ወደ ካምቢዮው ኩሽኔታ እሄድ ነበር። ካምቢዮው ይውረድ፤ ጭቃው ይታጠብ፤ የሸራው ውፍረት ይለካ። ኩሽኔታውን አጥቦ መመለስ ግን ከንቱ ድካም ነው፣ ይቀየር።

ሾፌር፣ ከወልድያ፦
በመካኒካችን ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ሾፌሩ መሐል ላይ ማርሽ ለመቀየር የተገደደው ከመግባቱ በፊት ስላልመረጠ ይመስለኛል። ፎር ዊሉን በዝቅተኛው አስገብቶ፣ አንደኛን ወይም ሁለተኛን ይዞ፣ እግርን ከፍሪሲዮን አንሥቶ እስከ ማዶ መዝለቅ ነው። ቆቦ ላይ ሰማዩ ቢጠራም በምዕራቡ ተራራ በኩል ከጠቆረ መጠበቁ ይሻላል። የቀድሞው ላንድ ሮቨር ዲፌንደር የሽፋኑን የታች ቀዳዳ የሚዘጋ ቡሎን ነበረው፤ ለእርሱም ቢሆን አምራቹ የሰጠው የውሃ ጥልቀት ወሰን 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቡሎኑን ከተሻገሩ በኋላ መፍታት የሚረሱ ደግሞ የገባውን ውሃና የሞተር ዘይት እዚያው ያጠራቅማሉ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ካምቢዮው እስኪወርድ መኪናው ቆሞ ቢቆይስ?

መካኒክ፣ ከደሴ፦
ፍሪሲዮን እንደ ራሰ ለብዙ ቀን ከቆመ ዲስኩ ከቮላኖው ጋር በዝገት ይጣበቃል፤ የእርስዎ ግን ሳምንት ሙሉ ሲነዳ ስለ ሰነበተ ደርቋል፣ ይቁም። ሲወርድ የካምቢዮውንና ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲፈረንሻሉን ዘይት አብረው ይመልከቱ። የጋለ ዲፈረንሻል በድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል፤ ዘይቱ ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ሁሉም ይለወጥ።