ጥቆማ፦ ለነርሲንግ ኖቫ ወይስ ሞንጎመሪ ኮሌጅ?

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ወገኖች። በዲቪ ከመጣን ዓመት አልፎናል፣ ቤታችን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ቤት ለመቀየርም እያሰብን ነው። ነርሲንግ ለመጀመር እዚሁ ቨርጂኒያ ያለው ኖቫ ኮሌጅ ይሻለኛል ወይስ ሜሪላንድ ያለው ሞንጎመሪ? የምፈልገው የማታ ክላስ ነው። አንዷ «ኮሌጆቹ ተማሪ አጥተዋል፣ ተለምነሽ ነው የምትገቢው» ትለኛለች፣ ሌላዋ «ጢም ብሏል» ትላለች። የቷን ልመን?

የአናንዴል ልጅ፦ ኖቫ። አለቀ። እኔም ወንድሜም የወጣነው ከዚያ ነው።

ማሚ፦ ኧረ ኮሌጅ አታንሱብኝ! ስሙን አልጠራም፣ የማታ ኬሚስትሪ ተመዝግቤ፣ ፈረቃዬን አስቀይሬ፣ ሞግዚት ይዤ፣ ሊጀመር ሲል «በቂ ተማሪ ስላልተገኘ ክላሱ ተሰርዟል» የሚል ኢሜይል ላኩልኝ። የቀኑ ደግሞ ሞልቷል። መጽሐፉ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ተቀምጧል።

ቤቲ፦ ያው የእኔ! የት ነው? በውስጥ መስመር ንገሪኝ።

ሳሚ፦ ምን ነርሲንግ ያስለፋሻል? ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አውጪ።

ማሚ፦ ብሬ ተመልሷል፣ ሴሚስተሬን ግን ማን ይመልስልኝ?

ኮስታራው፦ አንድ የኬሚስትሪ ክላስ ስለተዘጋ አገር ይዘጋ? ልጅቷ የጠየቀችው ኮሌጅ ነው፣ እናንተ ድንኳን ጥላችሁ ለቅሶ ተቀመጣችሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ሞንጎመሪ ነው እንጂ! ነርሲንጉ ያለበት የታኮማ ፓርክ ካምፓስ ከሜትሮው በእግር ይደረሳል።

የአናንዴል ልጅ፦ ኖቫም ስፕሪንግፊልድ ላይ ለጤና ብቻ የተሠራ ካምፓስ አለው፣ ለመረጃ ያህል።

ዳዊት ዘቨርጂኒያ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ያሉሽ እውነት ነው። በ2020 በኮቪዱ በመላ አሜሪካ የኮሙዩኒቲ ኮሌጅ (እንደ ኖቫና ሞንጎመሪ ያሉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች) ተማሪ 10 በመቶ ገደማ ወረደ፣ ከ2023 ወዲህ እየተመለሰ ነው። ግን ከአምስት ተማሪ አንዱ ገደማ የሃይስኩል ልጅ ነው፣ ብዙዎቹም እዚያው ሃይስኩላቸው ቁጭ ብለው ነው የኮሌጁን ክሬዲት የሚይዙት። ስለዚህ ተማሪ ጨመረ ማለት የማታው ክላስ ሞላ ማለት አይደለም። እንደማየው ሠራተኛው ኦንላይን ስለለመደ መጀመሪያ የሚሳሳው የማታው ነው፣ የማሚም ጉድ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ስትመዘገቢ የቀን ወይም የኦንላይን መጠባበቂያ ያዢ።

ደግሞ ኮሌጅ መግባትና ነርሲንግ ፕሮግራም መግባት ለየቅል ናቸው። ኮሌጁ ማንንም ይቀበላል፣ ነርሲንጉ ግን አናቶሚውን፣ እንግሊዝኛውን ጨርሰሽ በውድድር ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አሌክሳንድሪያ ሆነሽ ሞንጎመሪ ከተመዘገብሽ የሌላ ስቴት ሰው ነሽ፣ ከሁለት እጥፍ በላይ ትከፍያለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ የቤቱን ነገር ቁረጡ። ቨርጂኒያ ከቀራችሁ ጂ ስሪ የሚባለውን ጠይቂ፤ ከ2021 ጀምሮ ገቢያቸው ከወሰኑ ላላለፈ ነዋሪዎች በተመረጡ ሙያዎች ክፍያ ይሸፍናል፣ የጤናውም አለበት። ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ፎርም መሙላት ግድ ነው።

ቤቲ፦ እኔ ከአገር ቤት የአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፣ ፔል ግራንት የሚሉትን የማይመለስ የመንግሥት ድጎማ አገኛለሁ?

ዳዊት ዘቨርጂኒያ፦ አታገኚም። የውጭም ቢሆን ዲግሪ ካለሽ ፔል የለም። ብድር ግን አለ።

ቤቲ፦ ታዲያ የጎረቤቴ ልጅ እንዴት አገኘች?

ኮስታራው፦ እሷን ጠይቂያታ።

አዲስ ገቢ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር እንነጋገርበታለን። ማሚ፣ ሞግዚቷ አሁንም ትሠራለች?