ከጋጣ ለማይወጡ የወተት ላሞች ቫይታሚን ዲ ምን ያህል ይሰጥ?

አርቢ፦
ሰላም ወገኖች። ቢሾፍቱ ላይ ቀን ከሌት ቆርቆሮ ስር የሚውሉ 12 ዲቃላ ላሞች አሉኝ። በአማካይ 500 ኪሎ ይመዝናሉ፤ መኖአቸው ድርቆሽ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። ሁለቱ በወለዱ ማግስት ወደቁ። «ቫይታሚን ዲ ነው» ተብዬ ፕሪሚክስ (ከመኖ ጋር የሚደባለቅ የቫይታሚን ዱቄት) ገዛሁ፤ በኪሎ 1,000,000 አይዩ (የቫይታሚን መለኪያ) ይላል። በቀን ስንት ግራም ልስጥ?

መኖ አቀናባሪ፦
ለምትታለብ ላም በኪሎ ክብደቷ 40 አይዩ፣ ለነጠፈች 30 አስላ። ያንተዋ ስትታለብ 20,000፣ ስትነጥፍ 15,000 ትፈልጋለች። ፕሪሚክስህ በግራም 1,000 አይዩ ስለያዘ 20 እና 15 ግራም ይሆናል። ጽሑፉን ግን ደግመህ አንብብ፤ «በኪሎ»ንና «በግራም»ን ያምታታ ሰው በሺህ እጥፍ ይሳሳታል።

ጭንቁ መደባለቁ ላይ ነው። ላሟ በቀን 8 ኪሎ ድብልቅ ከበላች ለ100 ኪሎ 250 ግራም ይገባል። እሱን በቀጥታ ክምሩ ላይ ከበተንከው አንዷ ትጠግበዋለች፣ ሌላዋ ጭራሽ አታገኘውም። መጀመሪያ ከ2 ኪሎ ፉርሽካ ጋር በእጅህ እሸው፣ ቀጥሎ ከ10 ኪሎ ጋር፣ ከዚያ ከቀረው ጋር በአካፋ አራት ጊዜ ገልብጠው። ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል።

የእንስሳት ሐኪም፦
ልኩ ትክክል ነው፤ የጣላቸው ግን ካልሲየም ይመስለኛል። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ኢምንት ነው። ቫይታሚን ዲ ካልሲየምን ከአንጀት ያስገባል እንጂ መኖው ውስጥ የሌለውን አያመጣም። ለምትታለበዋ በቀን 100 ግራም የኖራ ድንጋይ ዱቄት ጨምር፤ 38 ግራም ገደማ ካልሲየም ነው። ለግድግዳ የሚሆነውን የተቃጠለ ኖራ እንዳትሰጣት፣ አፏን ይልጠዋል።

ልትወልድ 3 ሳምንት ሲቀራት፣ ሰውነቷ ከአጥንቷ ካልሲየም ማውጣት እንዲለምድ ኖራውን አቁም፤ አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክልም ካለህ እንደዚያው። የአልፋልፋ ፖታሲየም ማግኒዥየምን ያግዳል፤ ማግኒዥየም ሲያንስ ደግሞ ሰውነቷ ከአጥንቷ ካልሲየም ማውጣት ያቅተዋል።

አንገቷን ወደ ጎኗ ቀልሳ፣ ጆሮዋ ቀዝቅዞ ካገኘሃት ፕሪሚክስ አያነሳትም። ቶሎ ሐኪም ጥራ፤ ልቧ እየተደመጠ በደም ሥሯ ቀስ ብሎ ካልሲየም ይሰጣታል።

አርቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከመውለዷ በፊት የሚወጋው የቫይታሚን ዲ መርፌስ?

የእንስሳት ሐኪም፦
አልመክርህም። መጠኑ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ የመውለጃ ቀኗ ከተዛነፈ አይጠቅምም፣ ቢደጋገም ደግሞ ካልሲየሙ ልቧና ኩላሊቷ ላይ ይጋገራል። ይልቅ ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁለት ሦስት ሰዓት ደጅ እሰራት፤ ቆርቆሮው ያገደባትን ጨረር ቆዳዋ ያገኛል።

መኖ አቀናባሪ፦
ድብልቁን ከፋብሪካ የምትገዛ ከሆነ ቫይታሚኑ ቀድሞ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ጠይቅና ከ20 ግራሙ ላይ ቀንስ።