ፒኤፍሴንስ ላይ የቆየ ኤስኤስዲ፦ ትሪም አልበራ አለ

ጥያቄ፦ ፒኤፍሴንስ (የፋየርዎልና የራውተር ሲስተም) የሚሠራበት ራውተሬ ውስጥ ያለው 32 ጊጋ ኤምሳታ (ትንሽ ኤስኤስዲ) ነው፣ ፋይል ሲስተሙ ዩኤፍኤስ። በኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ) ገብቼ በቱንኤፍኤስ (የፋይል ሲስተም ማስተካከያ ትእዛዝ) ትሪምን (የተሰረዘው ቦታ ነፃ መሆኑን ለኤስኤስዲው የሚነግረውን) ላበራ ስል ሱፐርብሎኩን (የፋይል ሲስተሙን ዋና መግለጫ) መጻፍ አልቻልኩም ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ሩቱ (ዋናው ፋይል ሲስተም፣ «ስላሽ») ለመጻፍ ክፍት ሆኖ ማውንት ስለተደረገ (ስለተያያዘ) ነው፤ በኤስኤስኤች አይሆንም። ሞኒተር ወይም የኮንሶል ገመድ ሰካና ሪቡት አድርግ። ቡት ሜኑው ላይ 2 (ሲንግል ዩዘር፣ ማለትም የጥገና ሁነታ)፣ ሼል ሲጠይቅህ ኤንተር። እዚያ ሩቱ ለንባብ ብቻ ነው። «ቱንኤፍኤስ ሰረዝ ቲ ኢነብል ስላሽ» ብለህ ስጠው፤ በሰረዝ ፒ አረጋግጥና ሪቡት።

መልስ 2፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ድራይቩ ይደግፋል ወይ? «ካምኮንትሮል አይደንቲፋይ ኤዳ0» በል። የዲኤስኤም/ትሪም መስመር «ኖ» ካለ ልፋቱ ከንቱ ነው። ያኔ የሚያዋጣው ድራይቩ ላይ የሚጻፈውን መቀነስ ነው፦ ሲስተም፣ አድቫንስድ፣ ሚሴሌኒየስ ውስጥ ራም ዲስክን (ጊዜያዊ ፋይሎችንና ሎጎችን ራም ላይ የሚያስቀምጠውን) አብራ። መብራት ድንገት ሲጠፋ የቅርብ ሎግ አብሮ ይሄዳል፣ እሱን እወቅ።

መልስ 3፦ ትሪም የሚነካው ከበራ በኋላ የሚሰረዘውን ብቻ ነው። የድሮውን ለማጽዳት እዚያው ሲንግል ዩዘር ላይ ኤፍኤስሲኬ_ኤፍኤፍኤስን (የዩኤፍኤስ ፋይል ሲስተም መፈተሻ ትእዛዝ) በትልቁ ኢ አስኪድ። ፋይል ሲስተማችሁ በዩኤፍኤስ ፋንታ ዜድኤፍኤስ ለሆነባችሁ ቱንኤፍኤስ አይመለከታችሁም፤ «ዚፑል ትሪም» በቂ ነው።