«ጌማይንደ» ቀበሌ ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን?

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለቤቱ። እዚህ ጀርመን አከራዬ «ቤት በገባህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጌማይንደ ሄደህ ተመዝገብ» አለኝ። መዝገበ ቃላቱ «ምእመናን» ይላል። ቄስ ጋ ነው የምሄደው?

የሙኒክ ልጅ፦ ኧረ ቄሱን ተዋቸው! እንደኛ ቀበሌ በለው። የመጨረሻው ትንሹ የአስተዳደር እርከን ነው። ግን አጥቢያም ይባልበታል።

የአብነት ተማሪ፦ ጆሮ ላለው ሥሩ ግልጽ ነው፤ «ጉባኤ» ነው! «በ» ወደ «መ» ሲዞር ስንቴ አይተናል?

ሰዋስው ወዳጅ፦ በዚህ አያያዝ ቢራም ከግእዝ ሊወጣ ነው። ቃሉ የመጣው «ጌማይን» ከሚለው ነው፤ የጋራ ማለት ነው። የላቲኑ «ኮሙኒስ» ዘመዱ ነው። የሚገርመው፣ ዛሬ ሰውን «ጌማይን» ካልከው ሰድበኸዋል። መጀመሪያ የጋራ፣ ቀጥሎ ተራ፣ ከዚያ ወራዳ፣ አሁን ክፉ ሆኗል።

የአብነት ተማሪ፦ ይሁን። ማቴዎስ 16፥18 ላይስ? ግእዙ «ቤተ ክርስቲያንየ» ይላል። ጀርመኖቹ ለምን በዚህ ቃል ተረጎሙት?

ሰዋስው ወዳጅ፦ የፕሮቴስታንቱ መሪ የሉተር ሥራ ነው። አዲስ ኪዳኑ በ1522 (በፈረንጆቹ) ሲወጣ «ኪርኸ» (ቤተ ክርስቲያን) አላለም። ቃሉን አይወደውም፤ ድፍን ያለ ነው ይል ነበር። የግሪኩ «ኤክሌሲያ» የተጠራ ጉባኤ ነው፤ ግድግዳ የለውም።

የአብነት ተማሪ፦ አየህ፣ «ጉባኤ» አልክ!

ዲያቆን፦ ሁለታችሁም ቆዩ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንል ሕንፃውም፣ የምእመናኑ አንድነትም፣ እያንዳንዱ ምእመንም ነው። ሉተር አንዱን መርጦ ሁለቱን ጣለ።

ሰዋስው ወዳጅ፦ አልጣለም። ጀርመንኛው ሦስቱን በአንድ ቃል አይሸከምም።

ዲያቆን፦ «ጌማይንደ» ቀበሌንና አጥቢያን ከተሸከመ ሕንፃ ምን ይከብደዋል?

የሙኒክ ልጅ፦ 😂 ስዊስ ውስጥ ግላሩስ ብትሄዱ ደግሞ «ላንድስጌማይንደ» አለ። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ እጅ እያወጣ ሕግ ያጸድቃል። አዲስ ገቢ፣ ስትመዘገብ ሃይማኖት ይጠይቁሃል። ዝም ብለህ «ካቶሊክ» እንዳትል! በገቢ ግብርህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይመጣብሃል፤ እኛ ጋ 8 በመቶ፣ አብዛኛው ቦታ 9። ኦርቶዶክስ ከሆንክ እንደዚያው ንገራቸው፤ ለራሳችን ማህበር በፈቃድህ ትከፍላለህ።

የአብነት ተማሪ፦ «ማኅበር» በል! ኀበረ፣ በብዙኃኑ «ኀ»።

የሙኒክ ልጅ፦ የኔታ፣ ስልኬ ላይ «ኀ» የት እንዳለ ይንገሩኝና ልመለስ።

ሰዋስው ወዳጅ፦ «ማሕበር» ብሎ የሚጽፍም አለኮ።

ዲያቆን፦ ለእሱማ ሌላ ገጽ ይከፈት።