«ዎከር» መንገደኛ አይደለም

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። «ዎከር» የሚለው የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም «መንገደኛ» ማለት ነው? የጆኒ ዎከር ጠርሙስ ላይ ያለው ሰውዬም እየተራመደ ነው። ግን መራመድ እንዴት የሰው ስም ይሆናል?

መልስ፦ መጠራጠርህ ልክ ነው ወንድሜ። የጠርሙሱ ሰውዬ በ1908 እ.ኤ.አ. ለማስታወቂያ የተሣለ ነው። ስሙ ግን የሙያ ስም ነው። ዎከር ማለት ጨርቅ ረጋጭ ነው።

ከሸማኔ እጅ የወጣ የሱፍ ጨርቅ የበግ ስብ አለበት፣ ድርና ማጉም ገና ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ሰው ገብቶ በባዶ እግሩ ለሰዓታት ይረግጠዋል። ስቡ ይለቃል፣ ጨርቁ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ስቡን ለማስለቀቅ የሰነበተ ሽንት ይጨመርበት ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በውሃ ኃይል የሚሠራ መዶሻ እንግሊዝ ውስጥ መጣና የሰውን እግር አሳረፈ። ስሙ ግን እንዳለ ቆየ። «ዎክ» የሚለው ግሥም በድሮው እንግሊዝኛ ማንከባለል፣ ወዲያ ወዲህ ማገላበጥ ማለት ነበር። በእግር መሄድ የሚለው ትርጉም የጎላው ኋላ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ይኸው አንድ ሙያ ሦስት የቤተሰብ ስም መውለዱ ነው። ሰሜኑና ስኮትላንድ ዎከር ይላል። ደቡብ ምሥራቁ ፉለር፣ እነ ዴቨንና ሶመርሴት ያሉበት ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ተከር። ፉለር ከላቲን የመጣ ነው። የተከር ሥር ግን «ማሠቃየት» የሚል የድሮ ቃል ነው! ያ ጨርቅ ሲረገጥና ሲደበደብ ያየ ሰው ያወጣው ስም ይመስለኛል።

ሌላ አባል፦ እኔ ገጠር ነው ያደግሁት። ጋቢና ባና ወንዝ ወርደን በእንዶድ ስናጥብ በእጅ አይሞከርም፤ ድንጋይ ላይ ዘርግተን በእግር ነበር የምንረግጠው። ታዲያ እኛ እንዲህ ያለ ስም ለምን የለንም?

መልስ፦ ሥራው በትክክል እሱ ነው፤ ከእኔ በተሻለ አስረዳሽው። እኛ የምንጠራው በአባት ስም ስለሆነ ሙያ ከትውልድ ትውልድ የሚወርድበት ስም የለንም። ሌላም አለ፣ እሱን ሳስብ ያመኛል። እኛ ዘንድ ሙያ ሰው ላይ ሲለጠፍ ስድብ ነበር። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪው «ጠይብ» ይባል ነበር። አፄ ምኒልክ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። እንግሊዙ ረጋጭም እኮ ሽንት ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰው ነው። እሱ ግን የሥራውን ስም ለልጅ ልጆቹ አወረሰ።

ፉለርን በሥራው ላይ ማግኘት የሚፈልግ በ1611 የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማርቆስ 9፥3 ላይ ይክፈት፤ የደብረ ታቦሩ ታሪክ ነው። በእኛው «አጣቢ» ተብሏል።