የልጄ መርፌ በሜዲኬይድ አልታደሰም፤ በሕጉ ምክንያት ይሆን? (ቴክሳስ)

ጥያቄ፦ የማኪ እናት፣ ጋርላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 7 ዓመቷ ነው። አምና ጡቷ ማጎጥጎጥ ሲጀምር ደንግጬ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ጉርምስናዋ ያለጊዜው መጥቷል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ሉፕሮን የሚባለውን ጉርምስና ማቆሚያ መርፌ ትወጋለች፤ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ይከፍል ነበር። ማክሰኞ ደብዳቤ መጣ። «ፈቃዱ አልታደሰም» ይላል። ቤተክርስቲያን አንዲት እህት «እሱ እኮ ፆታ ለመቀየር የሚሰጠው ነው፤ ለልጆች በሕግ ተከልክሏል» አለችኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ለሚቀጥለው መርፌ የቀረን ሦስት ሳምንት ነው። ከኪሴ እንዳልከፍል ዋጋው አይቀመስም። እውነት ሕጉ የኔን ልጅ ይነካል?

መልስ፦ ነርሷ፣ ዳላስ

አይዞሽ እህቴ። የልጅሽን ሕክምና ሕጉ አልከለከለም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የሚሰጥበት ምክንያት ግን ይለያያል። ሴኔት ቢል 14 የሚባለው የቴክሳስ ሕግ ከሴፕቴምበር 1፣ 2023 ጀምሮ ይሠራል። ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለፆታ ሽግግር ተብሎ የሚሰጥ የጉርምስና ማቆሚያ፣ ሆርሞንና ቀዶ ሕክምና ከልክሏል። ለዚህም ሜዲኬይድና ቺፕ የሚባለው የልጆች የመንግሥት ኢንሹራንስ እንዳይከፍሉ አድርጓል። እዚያው ሕጉ ላይ ግን ጉርምስና ያለጊዜው ለመጣበት ልጅ፣ ወላጅ እስከፈቀደ ድረስ፣ መድኃኒቱ ይሰጣል ተብሎ ተጽፏል። ሴት ልጅ ላይ ከ8 ዓመት በፊት፣ ወንድ ላይ ከ9 በፊት ምልክቱ ከታየ ያለጊዜው ነው የሚባለው።

አሁን ደብዳቤውን አውጪና የምርመራውን ኮድ እዪ። E30.1 ወይም E22.8 ከሆነ የልጅሽ በሽታ ነው። በF64 የሚጀምር ከሆነ ግን በስህተት የፆታ ማንነት ጉዳይ ተብሎ ተመዝግቧል ማለት ነው። ቶሎ ይታረም።

የማኪ እናት

አየሁት። የኮዱ ቦታ ባዶ ነው። ከታች በትንንሽ ፊደል «ከሐኪሙ በቂ መረጃ አልቀረበም» ይላል። እኔ ቀይ የተጻፈውን ብቻ ነበር ያነበብኩት።

መልስ፦ አስተርጓሚው፣ ኦስቲን

እንግዲያው የወረቀት ጉዳይ ነው። ነገ ጠዋት ክሊኒኩ ደውይና ቅድመ ፈቃዱን (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት የሚጠየቀውን) ከነኮዱ፣ ከደም ምርመራውና ከአጥንት ዕድሜ ራጁ ጋር እንደገና ይላኩ። ጎን ለጎን ደብዳቤውን ለላከው ኢንሹራንስ ይግባኝ በዪ። ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን አለሽ። ሐኪሟ «ብትዘገይ ጤናዋ ይጎዳል» ብሎ ከጻፈልሽ አስቸኳይ ይሆንና በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። እምቢ ካሉም በ120 ቀን ውስጥ ግዛቱ ራሱ እንዲያይልሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

ስትደውዪ «አማርኛ» በዪ። አስተርጓሚ በነፃ ነው፣ መብትሽ ነው። እባክሽ ትልቋን ልጅሽን አታስተርጉሚ። ስለ እህቷ ሰውነት ልጅ ስታስተረጉም ስንቴ አይቻለሁ፣ ለሁለቱም ከባድ ነው።

አንድ አባት፣ ሂውስተን

ይቅርታ፣ የሰው ጥያቄ ላይ ገባሁ። ልጄ 16 ነው። ትራንስጀንደር ነኝ ካለኝ ሁለት ዓመት ሆነው። እስከዛሬ ለሐበሻ ተናግሬ አላውቅም። ቺፕ አለን። ለእኛስ መንገድ አለ? ሕጉ ይሻራል ብዬ ልጠብቅ?

አስተርጓሚው፣ ኦስቲን

ወንድሜ፣ ስለጻፍክ ደስ ብሎኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ ሕጉ ይሻራል ብለህ አትጠብቅ። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2024 አጽንቶታል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጁን 18፣ 2025 ተመሳሳዩን የቴነሲ ሕግ 6 ለ 3 አጽንቷል። ቴክሳስ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ልክፈል ብትልም አይሆንም፤ የሚሰጥ ሐኪም የሙያ ፈቃዱን ይነጠቃል። የሥነ ልቦና ምክር ግን አልተከለከለም። ልጅህ የሚያናግረው ሰው ቢያገኝ፣ ከሁሉ በፊት እሱን አስቀድም።

ሜሪላንድ እንሂድ የሚሉ አሉ። እዚያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ሜዲኬይድ ይህን ሕክምና እንዲሸፍን ሕግ ወጥቷል። ነገር ግን ሕግ ስለፈቀደ ብቻ በሩ ክፍት ነው ማለት አይደለም። እዚያው አጠገብ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ቺልድረንስ ናሽናል የሚባለው የልጆች ሆስፒታል በፌዴራሉ ጫና መድኃኒቱን መስጠት ከኦገስት 30፣ 2025 ጀምሮ አቁሟል። በዲሴምበር 2025 ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ ለዚህ ሕክምና የሜዲኬይድና የቺፕ ገንዘብ በመላ አገሪቱ እንዲቀር ረቂቅ ደንብ አውጥቷል። ስለዚህ ቤት ከመልቀቅህ በፊት ክሊኒኩን ራሱን ደውለህ ጠይቅ። ኢንሹራንሱም ከግዛት ግዛት አይተላለፍም፣ እንደ አዲስ ነው የሚመዘገበው።

ነርሷ፣ ዳላስ

የሂውስተኑ አባት፣ ልጅህ ላንተ መናገሩ ትልቅ ነገር ነው። አብረኸው ሁን። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የማውቃቸውን አማካሪዎች እሰጥሃለሁ።

የማኪ እናት

ክሊኒኩ ደወልኩ። የላኩት ፋክስ ሁለተኛው ገጽ ሳይሄድ ቀርቶ ነው፤ ኮዱ ያለው እሱ ላይ ነበር። ዛሬ ከሰዓት እንደገና ላኩ። የሐኪሟንም ደብዳቤ አያይዘዋል። አርብ መልስ ስሰማ እዚሁ እጽፋለሁ። የሂውስተኑ ወንድሜ፣ ልጅህን ሳምልኝ።