32 ጊጋ ስልኬ ሞልቶ ሥራ አስቆመኝ፤ የደንበኛ ፎቶና ደረሰኝ ሳላጠፋ ምን ላድርግ?

ባለ ጫማዋ፦

ሰላም ቤተሰብ። ጫማ በቴሌግራም ቻናል ነው የምሸጠው። ሱቅ የለኝም፣ ሱቄ ስልኬ ነው። ሳምሰንግ ነው፣ 32 ጊጋ። ሰሞኑን «ስቶሬጅ ሞልቷል» እያለ መከራዬን እያበላኝ ነው። አስመጪው አዲስ የገባ ጫማ ፎቶ ይልክልኛል፤ ክቧ ነገር ስትሽከረከር ትውላለች እንጂ ፎቶው አይወርድም። የባንክ አፔ አፕዴት ካላደረግሽ አልከፈትም ይላል፣ አፕዴቱ ደግሞ ቦታ የለም ይላል። ደንበኛ «ብሩን አስገብቻለሁ፣ እዪው» ትለኛለች። በምን ልየው?

ጋለሪ ገብቼ ያላጠፋሁት የለም። የልጄን ቪዲዮ ሳይቀር አንጀቴ እያረረ አጥፍቻለሁ። ግን ስልኩ ፈቀቅ አላለም። ሁለት ነገር ብቻ ማጥፋት አልችልም። አንዱ የጫማዎቹ ፎቶ ነው፤ ደንበኛ «ያ ባለፈው ወር የለጠፍሽው ቡኒው» ስትል ከየት አመጣዋለሁ? ሌላው የክፍያ ስክሪንሾት ነው። ጭቅጭቅ ሲነሳ ምስክሬ እሱ ነው። ክሊነር አውርጂ ያሉኝ አሉ፤ ክሊነሩን የማወርድበት ቦታ ራሱ የለኝም። እስቲ የምታውቁ ተባበሩኝ።

አቡሽ ሳሪስ፦

ፎርማት አድርጊው በቃ። እንደ አዲስ ይሆንልሻል።

መገናኛ ጥገና፦

አቡሽ ወንድሜ፣ ተው እንጂ! የሴትዮዋ ሥራ በሙሉ እዚያ ላይ ነው። ሞባይል ጥገና ነው የምሠራው። ፎርማት አስደርጎ የሄደ ሰው ወር ሳይሞላው ያንኑ ስልክ ይዞ ይመለሳል። የሚሞላው ነገር ከየት እንደሚገባ ሳይታይ ፎርማት ማድረግ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ወለል እንደ መወልወል ነው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። የልጅሽ ቪዲዮ አልጠፋ ይሆናል። ሳምሰንግ ጋለሪ ላይ የምታጠፊው ነገር ወዲያው አይጠፋም። «ትራሽ» የሚባል ቦታ ገብቶ 30 ቀን ይቀመጣል፤ ቦታ እንደያዘ ነው የሚቀመጠው። ያን ሁሉ አጥፍተሽ ለውጥ ያላየሽው ለዚህ ይመስለኛል። ጋለሪውን ክፈቺ፣ ከታች ሦስቷን መስመር ንኪ፣ «ትራሽ» ግቢ። በቆየ ስልክ «ሪሳይክል ቢን» ይለዋል። የልጁን መልሺ፣ ሌላውን ከዚያው አጥፊ።

ቀጥሎ ቴሌግራም። ዋናው ሌባ እሱ ነው፤ ስልክሽን ሳላየው እወራረዳለሁ። አስመጪዎቹ ቻናል ላይ በጣትሽ እየገፋሽ ያለፍሽው ፎቶ፣ ጀምረሽ የተውሽው ቪዲዮ፣ ሁሉም ስልክሽ ላይ ተቀምጧል። ጋለሪ ውስጥ ስለማይታይ ሰው የለም ብሎ ያስባል። በዚያ ላይ 32 ጊጋ ተብሎ የተሸጠልሽ ስልክ 32 አይደለም። ሲስተሙ ራሱ ከዚያ ላይ ብዙ ጊጋ ይወስዳል። ለአንቺ የሚተርፈው ያን ያህል አይደለም።

የቴሌግራም ሴቲንግ ግቢ፣ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ ዩሴጅ»። ቪዲዮ ይህን ያህል፣ ፎቶ ይህን ያህል እያለ በክብ ሥዕል ያሳይሻል። ከሥር የትኛው ቻናል ስንት እንደያዘ በስሙ ይዘረዝራል። «ክሊር ካሽ» በይው። አትፍሪ፣ ቻናልሽ ላይ የለጠፍሽው አንድም ጫማ አይጠፋም። ያ ያለው ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው፣ ማለትም ስልክሽ ላይ ሳይሆን የድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ፤ ስትፈልጊው ነክተሽ ታወርጂዋለሽ። ፓኬጅ ይበላል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ሲክሬት ቻት የምትጠቀሚ ከሆነ ግን የእሱን ተዪው፤ እሱ ሰርቨር ላይ አይቀመጥም።

እዚያው ገጽ ላይ የወረደው ነገር ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የምትመርጪበት አለ፤ «ኪፕ ሚዲያ» ወይም «ኦቶ-ሪሙቭ ካሽድ ሚዲያ» ይለዋል። ለቻናልና ለግሩፕ 1 ሳምንት አድርጊው፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይጠርጋል። አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሺና «አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ» ላይ ቪዲዮውን ዝጊ። «ሴቭ ቱ ጋለሪ» በርቶ ከሆነም አጥፊው፤ አንዱን ፎቶ ሁለት ቦታ የሚያስቀምጠው እሱ ነው።

ዋትስአፕ ላይ «ማኔጅ ስቶሬጅ» አለ። ከ5 ሜጋ በላይ የሆነውንና ብዙ ጊዜ ፎርዋርድ የተደረገውን ለይቶ ያወጣልሻል። እዚህ ላይ ግን ዓይንሽን ከፍተሽ፤ ዋትስአፕ እንደ ቴሌግራም አይደለም፣ ከጠፋ ጠፋ ነው። እናቶች ስልክ ሲያመጡልኝ መቼም ጉድ ነው። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ እሑድ ጠዋት ጽጌረዳ ያለበት «መልካም ሰንበት»፤ የሙስሊም እናት ከሆነች ደግሞ አርብ አርብ «ጁምዓ ሙባረክ»፣ እሱም ከነሙዚቃው። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ በረከት ስጠርግ ነው የምውለው።

ሰው የማያውቃት ደግሞ አንዲት ፎልደር አለች። ከጋለሪሽ ለደንበኛ በዋትስአፕ የላክሽው ፎቶ ሁሉ ሁለተኛ ኮፒ ይወጣለታል። «ማይ ፋይልስ» ክፈቺ፣ «አንድሮይድ»፣ «ሚዲያ»፣ የዋትስአፑን ፎልደር፣ ውስጡ ያለውን «ዋትስአፕ»፣ እንደገና «ሚዲያ»፣ «ዋትስአፕ ኢሜጅስ»፣ በመጨረሻ «ሴንት»። ቪዲዮም የራሱ «ሴንት» አለው። ያን ብታጠፊ ቻቱ ላይ ፎቶው አልከፈት ሊልሽ ይችላል፤ ዋናው ግን ጋለሪሽ ላይ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ በየአፑ ሥር «ክሊር ካሽ» እና «ክሊር ዳታ» ጎን ለጎን ናቸው። ዳታውን እንዳትነኪ። ዋትስአፕ ላይ ከነካሽው ባክአፕ ያልሆነ ቻት ሁሉ ይሄዳል። ክሊነር የሚባለውንም እርሺው። አብዛኛው ማስታወቂያ እያሳየ የሚሠራው፣ ስልኩ ራሱ በነጻ የሚሠራውን ነው።

ባለ ጫማዋ፦

ወንድሜ እጅህ ይባረክ! ትራሹ ውስጥ አገኘሁት! ልጄ የልደቱ ኬክ ላይ በግንባሩ የተደፋበት ቪዲዮ አለ፣ ሁሉም አለ።

ቴሌግራሙ ልክ ብለሃል። 9.6 ጊጋ! አንድ አስመጪ ቻናል ብቻውን 4 ጊጋ ይዟል፤ ጫማ እያጠማዘዘ የሚያሳይበት ቪዲዮ ነው ሁሉም። ከእሱ ቀጥሎ የማላውቀው የፊልም ቻናል 3 ጊጋ። ባለቤቴ በኔ ስልክ ገብቶበት ነው። ማታ እናወራለን።

የባንኩ አፕ አፕዴት ሆነልኝ። አሁን የቀረኝ ስክሪንሾቱ ነው፤ በየቀኑ ይጨምራል። ሚሞሪ ካርድ ልግዛ? መርካቶ 1 ቴራ የሚል በርካሽ አይቻለሁ።

ከሻርጃ፦

እህቴ ሚሞሪ ምን ያደርግልሻል? ጎግል ፎቶስ ላይ ጫኚው። እኔ ካገር ቤት የሚላክልኝን ሁሉ እዚያ ነው የማስቀምጠው። በነገራችን ላይ 38 ቁጥር ነጭ ስኒከር አለሽ? ለእህቴ ነው፣ አዲስ አበባ ናት።

ባለ ጫማዋ፦

አለ እናቴ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

መገናኛ ጥገና፦

ጎግል ፎቶስ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ነገር እወቂበት። ያለ ገደብ በነጻ የነበረው በ2021 ቀርቷል። አሁን በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋ ነው፤ ኢሜይልሽም የዋትስአፕ ባክአፕሽም ከዚያው ነው የሚቆረጠው። ሁለተኛው ሰው የሚያለቅስበት ነው። ባክአፕ ከሆነ በኋላ አንዱን ፎቶ ጎግል ፎቶስ አፑ ውስጥ ገብተሽ ብታጠፊ፣ ከስልኩም ከጎግልም ነው የሚጠፋው። ከስልኩ ብቻ እንዲወጣ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የምትለዋን ተጠቀሚ። ደግሞ በሞባይል ዳታ አትጫኚ፣ ዋይፋይ ያለበት ጠብቂ።

ሚሞሪውን በተመለከተ፣ ያን 1 ቴራ አትግዢ። በዚያ ዋጋ 1 ቴራ የለም። ውስጡ ያለው 16 ወይም 32 ጊጋ ይሆንና፣ ስልኩ ሲጠይቀው 1 ቴራ ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው። ክፋቱ መጀመሪያ በደንብ መሥራቱ ነው። እውነተኛው ልኩ ሲሞላ ስልኩ ዝም ብሎ መጻፉን ይቀጥላል፤ የፎቶው ስም ይታያል፣ ስትከፍቺው ግን ግራጫ ነው ወይም ግማሹ የለም። ሰው ይሄን የሚያውቀው ዋናውን ከስልኩ ካጠፋ በኋላ ነው። የግድ ካልሽ ከታመነ ሱቅ 64 ጊጋ ግዢ። ፎቶ ሳትጭኚበት በፊት ኮምፒውተር ያለው ሰው ጋ ወስደሽ ኤች-ቱ-ቴስት-ደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም አስፈትሺው። ካርዱን እስከ አፉ ይሞላና መልሶ ያነበዋል፤ ከዋሸ ወዲያው ይጋለጣል።

ለስክሪንሾቱ ግን ሚሞሪ አያስፈልግሽም። አንቺ ብቻ ያለሽበት የግል የቴሌግራም ቻናል ክፈቺ። ስክሪንሾቱን እዚያ ላኪው፣ ከሥሩ የደንበኛዋን ስም፣ የጫማውን ቁጥርና ብሩን ጻፊ። ጭቅጭቅ ሲነሳ ስሟን ሰርች ስታደርጊ ከነቀኑ ይመጣል። መድረሱን ካየሽ በኋላ ከጋለሪ አጥፊ፣ ከትራሹም። የጫማ ፎቶውንማ ሻጭ ቻናልሽ ላይ ለጥፈሽዋል፤ ዋናውን ጥራት ከፈለግሽ «ፋይል» ብለሽ ላኪ፣ እንደ ፎቶ ከላክሽው ያሳንሰዋል። አንዱ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይፈቀድልሻል።

ሳትጠይቂኝ አንድ ነገር ልጨምር። ደንበኛ የምትልክልሽን ስክሪንሾት ብቻ አይተሽ ጫማ አትስጪ። በደቂቃ የሚፈበረክ ነገር ነው። ብሩ መግባቱን ከአካውንትሽ እዪ።

ባለ ጫማዋ፦

እሱንስ አውቄበታለሁ። ግን ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ አስቀምጬ ስልኬ ቢሰረቅስ?

መገናኛ ጥገና፦

በሌላ ስልክ በቁጥርሽ ስትገቢ ሁሉም እንዳለ ይመጣል። መጀመሪያ ግን ሴቲንግ፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ግቢና «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብሪ። ፓስዎርድ አስገቢ፣ ፓስዎርዱን ብትረሺ የምትመልሺበትን ኢሜይልሽንም ስጪው። ያኔ ሌባው ሲምሽን ሌላ ስልክ ላይ ቢሰካ እንኳ ያለ ፓስዎርዱ አይገባም። ሲሙን ደግሞ ቴሌ ሄደሽ መታወቂያ አሳይተሽ ታስወጪያለሽ፤ በስምሽ የተመዘገበ ነው አይደል?

ባለ ጫማዋ፦

በወንድሜ ስም ነው።

መገናኛ ጥገና፦

ነገ ጠዋት ወንድምሽን ይዘሽ ሂጂ።